የበግና የከብት ትል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው። «የትል መድኃኒት ስጠኝ» የሚል ሰው ሳይመጣ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንዱ ለበዓል የገዛውን በግ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር አስሮት ይመጣል። ሌላዋ በቀበና በኩል ግቢዋ ውስጥ ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሏት። ብዙዎቹ ደግሞ በጎቻቸው ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ሆነው፣ እነሱ መሐል ከተማ ስለሚውሉ መድኃኒቱን ከእኛ ገዝተው ይሄዳሉ። ሁሉንም መልሼ የምጠይቃቸው «የትኛው ትል?» ብዬ ነው። አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱ ይናደዳል። ከዚህ በታች ያሉት በመስኮቱ በኩል በብዛት የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

በጌ ትል እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ተቅማጥ ነው። ችግሩ፣ በግ በብዛት የሚገድለው ትል ብዙውን ጊዜ ተቅማጥ አያመጣም። ሄሞንከስ ይባላል። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቀይና ነጭ ሆኖ እንደ ክር የተገመደ የሚመስል ትል ነው፤ የሚኖረውም በአራተኛው የጨጓራ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራው ደም መምጠጥ ነው። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያባክናል። ይህ ምንም አይመስልም፤ ግን 5,000 ትል ያለበት በግ በቀን ሩብ ሊትር ደም አጣ ማለት ነው። በጠጡ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ያመሰኳል፤ አንድ ጠዋት ግን ወድቆ ይገኛል።

ስለዚህ ጅራቱን ሳይሆን ዓይኑን ይዩ። በጉን በጉልበትዎ መሐል ያዙት፣ ፀሐይ ባለበት ቦታ ይሁን። በአንዱ አውራ ጣት የላይኛውን የዓይን ቆብ ጫን ሲያደርጉ፣ በሌላው የታችኛውን ወደ ታች ይሳቡ። የውስጠኛው ሥጋ ብቅ ይላል። ደማቅ ቀይ ከሆነ በጉ ደህና ነው። ወደ ሮዝ ከሄደ ይጠርጥሩ። እንደ ነጠላ ከነጣ ጊዜ የለዎትም። ይህን አያያዝ በካርድ ላይ ከ1 እስከ 5 በቀለም ደረጃ ያወጡለት ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው፤ ፋማቻ ይባላል። 4 እና 5 የሆነው መድኃኒት ይሰጠዋል፣ 1 እና 2 ይታለፋል፣ 3 ላይ የበጉን ጠቅላላ ሁኔታ አይቶ መወሰን ነው። ካርዱ ባይኖርዎትም ሁለትና ሦስት በግ ጎን ለጎን ካዩ ልዩነቱ አይጠፋዎትም።

ሌላው ምልክት ከመንጋጋ ሥር የሚቋጠር ውሃ ነው። ማታ ከግጦሽ ሲገባ ከረጢት የመሰለ ለስላሳ እብጠት ይንጠለጠላል፤ ጠዋት ይቀንሳል። ይህ ግን ደም ማነሱን እንጂ የትሉን ዓይነት አይነግርዎትም። እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ለሁሉም ትል የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም?

የለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ከረግረግ አካባቢ የመጣች በግ ይዘው መጡ። ዓይኗ ነጭ፣ መንጋጋዋ ሥር ውሃ። ሄሞንከስ ነው ብዬ አይቨርሜክቲን ወጋኋትና በልበ ሙሉነት ሸኘኋቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቻቸውን ተመለሱ፤ በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ ሲፈቱት የበጓ ጉበት ነው። ቱቦውን በቢላ ስሰነጥቀው ቅጠል የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎች ከሐሞቱ ጋር ተንሸራተው ወጡ። «ልጄ፣ መርፌህ ይኼን አያውቀውም ማለት ነው?» አሉኝ። አያውቀውም። አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይነካም።

ባጭሩ እንዲህ ያዙት። አይቨርሜክቲን ክብ ትሎችን፣ የሳንባ ትልን፣ እከክንና አንዳንድ ቅማሎችን ይይዛል፤ የጉበት ትልንና ጠፍጣፋ ሪባን መሰል ትሎችን አይገድልም። አልቤንዳዞል ክብ ትሎችንና ሪባን መሰሎቹን ይገድላል፤ የጉበት ትልን ግን መጠኑ ከፍ ሲል ብቻ፣ ያውም ያደገውን ብቻ ነው የሚገድለው። ጉበት ውስጥ እየቦረቦረ ያለውን ገና ያላደገውን ትል ጭምር የሚይዘው ትራይክላቤንዳዞል ነው፤ እሱ ደግሞ በተራው ሄሞንከስን አይነካም። በረግረግ የሚግጥ በግ ላይ ሁለቱ ትሎች አብረው ስለሚገኙ፣ «ከየት ነው የሚግጠው?» ብዬ የምጠይቀው ለወሬ አይደለም።

ስንት ኪኒን ልስጠው?

በኪሎው ልክ። ለክብ ትሎች የአልቤንዳዞል መጠን በበግ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ ለጉበት ትል 7.5 ሚሊ ግራም ነው። ለከብት ደግሞ 7.5 እና 10 ነው። የበጉ ኪኒን 300 ሚሊ ግራም ከሆነ በ7.5 ሲካፈል 40 ኪሎ በግ ያክማል ማለት ነው። የአይቨርሜክቲን 1% መርፌ 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 30 ኪሎ በግ 0.6 ሚሊ ሊትር ከቆዳው ሥር ይወጋል። ያም ሆኖ የገዙት ምርት ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የእኔ ቁጥርና የማሸጊያው ቁጥር ከተለያዩ ማሸጊያውን ይመኑ።

ኪሎውን በዓይን መገመት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የመንዝ በግ በጸጉሩ ትልቅ መስሎ ሲመዘን 25 ኪሎ ይወጣዋል። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ በጉን ታቅፈው ይውጡበት፣ ከዚያ ብቻዎን ይውጡና ይቀንሱ። አንዱን ኪኒን ለሁለት ከፍሎ ለሁለት በግ መስጠት ቁጠባ ይመስላል። ትሉ ግን አይሞትም፣ ይለማመዳል። ለመንጋ ሲሰጡ ደግሞ በአማካዩ ሳይሆን በከባዱ በግ ኪሎ ያስሉ።

ሲሰጡም የበጉን አንገት ወደ ሰማይ አያቅኑ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ መድኃኒቱም ወደ ሳንባ ይገባል። አፉ ከዓይኑ ከፍ ሳይል፣ ኪኒኑን ከምላሱ ሥር መሠረት አሳልፈው ይግፉና እስኪውጥ ይጠብቁ። አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ እርግዝናዋ ገና በመጀመሪያው ወር ላለች በግ አልቤንዳዞል አይሰጥም፤ ጽንሱን ያበላሻል።

ፍየልስ?

ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ቶሎ ከሰውነቷ ታስወጣለች፤ በበግ መጠን ከተሰጣት አብዛኛውን ጊዜ ያንሳታል። ምን ያህል እንደሚጨመር እንደ መድኃኒቱ ይለያያልና ሐኪም ይጠይቁ። በተለይ ሌቫሚዞል የሚባለው የትል መድኃኒት ሲበዛ ስለሚመርዝ በግምት አይሞከርም። ቅጠል እየቀነጠሰች የምትውል ፍየል ግን ከትሉ ራቅ ትላለች፤ የትሉ እጭ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ደቃቅ ትል) ያለው ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍታ ባለው ሣር ላይ ነውና።

በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚሰጠው?

«በየሦስት ወሩ» የሚል መልስ ብሰጥ ሰው ደስ ይለዋል። ግን ትሉ የሚሄደው በዝናቡ ነው። የሄሞንከስ እንስት በቀን ከ5,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ እንቁላሉ በሳምንት ውስጥ በሣር ላይ ለመበላት የተዘጋጀ እጭ ይሆናል፤ ከተበላ ከ3 ሳምንት በኋላ ደግሞ ራሱ እንቁላል ይጥላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግጦሹ በእጭ የሚሞላው ለዚህ ነው። በበጋ ሣሩ ላይ ያለው በፀሐይ ሲያልቅ፣ የተረፈው በበጉ ጨጓራ ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል።

ስለዚህ ሁለት ጊዜዎች ይበልጥ ያዋጣሉ። አንደኛው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ ገደማ፣ የተኛውን ለማጽዳት። ሁለተኛው ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምትና በኅዳር። የጉበት ትል በክረምት ተበልቶ ለማደግ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈልግ፣ በረግረግ ለሚግጡ የኅዳሩ ወሳኝ ነው። በመሐል ያለውን በዓይን ቆብ እያዩ ለሚያስፈልገው ብቻ ይስጡ። ጡት የጣሉ ግልገሎችና በቅርብ የወለዱ እናቶች ቅድሚያ አላቸው፤ እናቲቱ በወሊድ ሰሞን አቅሟ ስለሚደክም የምትጥለው እንቁላል ይጨምራል። በዚያ ጊዜ ትንሽ ፋጉሎና ፉርሽካ መጨመር ከአንድ ኪኒን የማይተናነስ ሥራ ሲሠራ አይቻለሁ።

እጩ ጠዋት በጤዛው ላይ ተሳፍሮ ሣሩን ይወጣል። «ጤዛው ሳይረግፍ አታሰማራ» የሚለው የእረኛ ምክር ማይክሮስኮፕ ከመኖሩ በፊት የተባለ ትክክለኛ ነገር ነው።

ላሞቼ ከግቢ አይወጡም፤ ትል ከየት ይመጣባቸዋል?

ከሣሩ። የመሐል ከተማ ላም እግሯ ከግቢ ባይወጣም አፏ ብዙ ቦታ ይደርሳል። በሸክም የሚሸጠው እርጥብ ሣር የወንዝ ዳር ወይም የረግረግ ከሆነ የጉበት ትል አብሮ ሊመጣ ይችላል። የዚህ ትል እንቁላል ከእበት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ይራባል፣ ወጥቶም በሣሩ ላይ እንደ ትንሽ ነጥብ ይለጠፋል። ያለ ቀንድ አውጣና ያለ ውሃ አይኖርም።

አንድ የማስታውሳቸው እናት ነበሩ። ላማቸው ከስታ ወተቷ ቀንሶ፣ «ድርቆሽ ብቻ ነው የምሰጣት» ይላሉ። ግቢያቸው ሄጄ ሳይ በግርግሙ ውስጥ ቄጠማ አለ። የበዓል ጉዝጓዝ ሲጠረግ «አይጣል» ብለው ለላሟ ይሰጧታል። ቄጠማ የሚበቅለው ቀንድ አውጣው በሚወደው ውሃ ውስጥ ነው። የላሟ በሽታ ከዚያ ብቻ ነው አልልም፤ የእበት ምርመራው ግን የጉበት ትል እንቁላል አሳይቷል። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ አደጋው በጣም ያነሰ ነው፤ እርጥቡን ከደረቅ ሜዳ የታጨደ መሆኑን አረጋግጠው ይግዙ።

ቀንድ አውጣውን ስለመግደል የሚጠይቁም አሉ። እንዶድ ይህን እንደሚያደርግ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ አይተዋል፤ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው ነበር። ጥናቱ የተሠራው የሰው ቢልሃርዝያ ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ዓሣም ስለሚገድል ወንዝ ውስጥ እንዲሁ አይበተንም። ለአንድ ግቢ ከዚህ ይልቅ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ መጠገንና የውሃ ገንዳውን ዙሪያ ማድረቅ ይቀላል።

አርደን ጉበቱን ስናይ ትል አለበት፤ ሥጋውን እንጣለው?

አይጣሉ። የጉበት ትል ሰው ላይ የሚመጣው በእርጥብ ቅጠልና በውሃ በኩል እንጂ በሥጋው አይደለም። የተበላሸውን ጉበት ግን አይብሉት፤ ለዱለትም አይሁን።

ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካዩ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሽንብራ ፍሬ እስከ ብርቱካን የሚያክል ይሆናል፤ ሲነኩት የተወጠረ ነው፣ ውስጡ ንጹሕ ውሃ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚታየው እያንዳንዱ ቅንጣት፣ ውሻ ሆድ ሲገባ ትል የሚሆን ነው። ከረጢቱን አያፍርጡት። ሥጋው ይበላል፤ ያ ጉበትና ሳንባ ግን ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ቄራ ላይ ይህን የሚያይ መርማሪ አለ። ግቢ ውስጥ ሲታረድ መርማሪው እርስዎ ነዎት።

ውሻው ምን አገባው?

ከሁሉም በላይ እሱ ነው የሚያገባው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በአረፋ ማግስት የሰፈራችንን መንገድ ዞር ብለው ይዩ፤ ሳንባው፣ አንጀቱ፣ ጭንቅላቱ በየጥጋጥጉ ነው፣ ውሾቹም ጥጋብ ላይ ናቸው። ውሻው ያንን የውሃ ከረጢት ከበላ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ገደማ በኋላ በዓይን የማይታይ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይጥላል። እንቁላሉ በሣር ላይ ከቀረ በጉ ይበላዋል። በውሻው ጸጉር ላይ ከቀረ ሲያሻሸው የዋለው ልጅ እጅ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከረጢቱ የሚያድገው በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ነው፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

ለውሻ ፕራዚኳንቴል በየ6 ሳምንቱ ይሰጣል፣ መጠኑም በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው። የሆድ ዕቃ መስጠት ግድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት በላይ ይንተክተክ። ለበጉ በየጊዜው መድኃኒት ገዝቶ ለግቢው ውሻ አንድም ጊዜ የማይገዛ ደንበኛ ብዙ አለኝ። ገንዘቡ ቢያንሰው እኔ ውሻውን አስቀድም ነበር።

በጌ ይሽከረከራል፤ መድኃኒት አለው?

አዙሪት ነው። እሱም ከውሻ ነው የሚመጣው፤ ከረጢቱ አንጎል ውስጥ ያድግና በጉ ወደ አንድ ወገን ይዞራል፣ ጭንቅላቱን ያዘነብላል፣ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። በብዛት የሚታየው ዓመት ገደማ በሆናቸው ላይ ነው። እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የሚያዋጣ መድኃኒት የለንም፤ ሳይከሳ ማረድ ይሻላል። ጭንቅላቱን ለውሻ ከወረወሩት ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በግ ይሽከረከራል። ያልተከተበና ትኩሳት ያለው በግ ከዞረ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ሲያስነጥስ ከአፍንጫው ትል ወጣ።

ትል አይደለም፣ የዝንብ እጭ ነው። ዝንቧ በጉ አፍንጫ ላይ እጯን ትጥላለች፤ እጩም ወደ ውስጥ ገብቶ ያድጋል። ጭንቅላት የሚሰነጥቁ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። አልቤንዳዞል አይሠራበትም፣ አይቨርሜክቲን ይሠራበታል።

የበግ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያስይዛል?

የሰው ኮሶ የሚመጣው ከከብት ሥጋ ነው፤ ከበግ አይደለም። ከብቱ የሚይዘው ደግሞ ከሰው ነው፤ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው ሣሩን ይበክላል፣ በሬው ይግጣል፣ ክትፎው ወደ ሰው ይመልሰዋል። ስለዚህ ለበሬ ኮሶ መከላከያው የሰው መጸዳጃ ቤት ነው። ጥሬ አልተውም ላለኝ ሰው የምሰጠው ምክር ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀን ማቆየት ነው። እስካሁን እሺ ያለኝ የለም።

ለበዓል ሦስት ቀን የቀረውን በግ መድኃኒት ልስጠው?

አይስጡት። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ እንደ ምርቱ ከሳምንት ገደማ እስከ ወር በላይ ይፈጃል፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ሦስት ቀን ለማወፈርም አይበቃም። ለማድለብ የገዙት ከሆነ ግን ገና ሲገባ ይስጡት፣ ከነባሮቹ ጋርም ለ2 እና 3 ሳምንት አይቀላቅሉት። ለምትታለብ ላም ደግሞ አብዛኛው የአይቨርሜክቲን መርፌ አይፈቀድም፤ ወተቱ ውስጥ ይገባል።

ግራዋ፣ መተሬ፣ እንቆቆ አይበቃም?

አያቶቻችን በከንቱ አልተጠቀሙባቸውም፤ አንዳንዶቹ ትል ላይ ጉልበት አላቸው። ችግሩ መጠኑ ነው፤ የዚህ ዛፍ ቅጠል ከዚያኛው ይለያል፣ ስንት እፍኝ ለስንት ኪሎ እንደሆነ የሚነግርዎት የለም። ዓይኑ ለነጣ በግ በቅጠል ሙከራ ቀን አያባክኑ።

መድኃኒቱን ሰጠሁት፣ ምንም ለውጥ የለም።

መጀመሪያ ኪሎውን፣ ቀጥሎ የትሉን ዓይነት፣ ከዚያ መድኃኒቱ የተገዛበትን ቦታ ይጠርጥሩ። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኪኒን ዋጋው ረክሶ ቢሰጥዎት አይደንቅም። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ከመስጠትዎ በፊትና ከሰጡ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ እንቁላሉ ተቆጥሮ ነው፤ የእንቁላሉ ቅናሽ 95% ካልደረሰ መድኃኒቱ መቀየር አለበት። መልኩን እንጂ ቤተሰቡን ያልቀየረ መድኃኒት ግን ለውጥ አይደለም፤ ፌንቤንዳዞል የአልቤንዳዞል ወንድም ነው።

የትል ክትባት የለም?

ለሄሞንከስ አውስትራሊያ ውስጥ በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ የቀረበ አለ፣ ከራሱ ከትሉ አንጀት የሚሠራ። እኛ ሱቅ ገብቶ አያውቅም።

በጠጡን ለምርመራ እንዴት ላምጣ?

ከመሬት የተለቀመ አይሆንም። የፕላስቲክ ጓንት ያድርጉ፣ ከበጉ ፊንጢጣ ጥቂት ፍሬ ይውሰዱ፣ ጓንቱን ገልብጠው ይቋጥሩትና ስሙን ወይም የበጉን መልክ ይጻፉበት። ፀሐይ ላይ ከዋለ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ በዚያው ቀንም ይምጣ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በተለመደው የማንሳፈፍ ምርመራ አይታይም፤ በማዝቀጥ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሲያመጡ በጉ የት እንደሚግጥ አብረው ይንገሩን። ከአንድ መንጋ ከ10 በግ ያህል ካመጡ በቂ ነው፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ በሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ይዞልን መጥቶ ነበር።